ምጥና ፍርሃት
(ሰውነትን ስለ ማላላትና በሐሳብ ስለ መሣል የተዘጋጀ ጥናት)

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት ለእኛ ለተማሪዎች የተነገረ ይመስላል። አንድ ተማሪ በዕረፍት ጊዜ ወደ ጉንደ ወይን፣ ወደ ብቸና ወይም ወደ ሞጣ ተመልሶ ስለ ወሊድ ልናገር ቢል፣ ሰባት ጊዜ የወለደች እናት ብትስቅበት አይፈረድባትም። ሆኖም ይህ ትምህርት እናቶቻችን ከሚያውቁት አንዱን ክፍል የሚያብራራ፣ ሌላውን ደግሞ የሚያርም ስለ ሆነ፣ ተረቱን ሳንፈራ እንጀምር። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ/ የትምህርቱ አመጣጥ

እንግሊዛዊው የማሕፀን ሐኪም ዶክተር ግራንትሊ ዲክ-ሪድ በ1933፣ ኋላም አስፋፍተው በ1942 ባሳተሟቸው መጻሕፍት አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ይኸውም ፍርሃት ሰውነትን ይወጥራል፤ የተወጠረ ሰውነት ሕመምን ያበዛል፤ ሕመሙም ተመልሶ ፍርሃትን ያሳድጋል የሚል ነው። ፈረንሳዊው ዶክተር ፈርናንድ ላማዝ ደግሞ በ1951 ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው፣ ሴቶች በትምህርትና በአተነፋፈስ ልምምድ እየታገዙ ሲወልዱ ካዩ በኋላ ዘዴውን በፓሪስ አስፋፉ። ጡንቻን በየተራ እየወጠሩ የማላላትን ልምምድ ግን ቀደም ብለው በ1929 በመጽሐፍ ያወጡት አሜሪካዊው ዶክተር ኤድመንድ ጃኮብሰን ነበሩ።

ዲክ-ሪድ «ያልሠለጠኑ» የሚሏቸው ሕዝቦች ሴቶች ያለ ብዙ ሥቃይ ይወልዳሉ ብለው ያምኑ ነበር። ምጥ ከያዛት ሴት ደጃፍ ቆሞ «ማርያም! ማርያም!» የሚለውን ልመና የሰማ የጎጃም ሰው ይህን አይቀበልም። ስለ ፍርሃት የተናገሩት ግን የሚጣል አይደለም።

2ኛ/ በሰውነት ውስጥ የሚሆነው

ማሕፀን ጡንቻ ነው። በምጥ ጊዜ እየተኰማተረ በሩን ይከፍታል፤ ሕፃኑንም ወደ ታች ይገፋል። ይህን ሥራ ከሚያንቀሳቅሱት ዋነኛው ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ነው። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ አድሬናሊን ይመነጫል፤ ልብ ይመታል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ ጡንቻ ይገተራል። አድሬናሊን ሲበዛም የማሕፀኑን ሥራ ሊያዳክም ይችላል። እንግዲህ በጣም የፈራች ሴት ሰውነት እርስ በርሱ ይጣላል ማለት ነው። በቋንቋችን ወለደች ለማለት «ተገላገለች» እንላለን፤ ገላጋይ ደግሞ የተጣሉትን የሚለይ ሰው ነው። የዚህ ልምምድ ዓላማም ከዚህ የራቀ አይደለም።

3ኛ/ ልምምዱ

ነፍሰ ጡሯ ከመውለጃዋ ጥቂት ሳምንታት አስቀድማ፣ ሥራ ጋብ በሚልበት ሰዓት በግራ ጎኗ ትተኛ። እጇን አጥብቃ ትጨብጥና ትልቀቅ፤ በመጨበጥና በመልቀቅ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ትበል። ከዚያም ትከሻዋን፣ መንጋጋዋን፣ ግንባሯን፣ ጭኗንና እግሯን በየተራ እንዲሁ ታድርግ። አየሩን በአፍንጫዋ ቀስ ብላ ስባ፣ ከሳበችበት ጊዜ ረዘም አድርጋ ታስወጣው። አቻኩሎ መተንፈስ ራስን ያዞራልና አይገባም። በምጥ ጊዜም ማሕፀኑ ሲሠራ ሌላው አካል እንዲያርፍ ማድረግ የሚቻለው አስቀድሞ በመልመድ ነው።

4ኛ/ በሐሳብ መሣል

የውጭ አገር መጻሕፍት ወላዷ የባሕር ዳርቻ በዓይነ ኅሊናዋ እንድታይ ይመክራሉ። ባሕር አይታ ለማታውቅ ሴት ይህ ምን ይጠቅማታል? ሥዕሉ ከራሷ ኑሮ መውጣት አለበት። እንስራ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት የቀኑን መንገድ ሁሉ ባንድ ጊዜ አትሸከምም፤ የምትወጣው ይህንኑ አንዱን ዳገት ነው። ጠንካራው ምጥም እንዲሁ ይነሣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል፤ ርዝመቱም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙ አይበልጥም። ከዚያ በኋላ እንስራውን አውርዶ ማረፊያ ሜዳ አለ። የማሕፀኑን በር መከፈት ደግሞ እንደሚላላ ቋጠሮ ወይም እንደሚፈነዳ አደይ አበባ ልታስበው ትችላለች። የምትመርጠው ራሷ ናት።

አጠገቧ ያለችው ሴትም ወገቧን እያሸች «አይዞሽ፣ ይህን ዳገት ብቻ» ትበላት። የጎረቤት አይዞሽ ከንቱ ቃል አይደለም። ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አሰባስቦ በ2017 የወጣ ግምገማ፣ ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙ ወላዶች ምጣቸው እንደሚያጥርና በቀዶ ሕክምና የሚወልዱትም እንደሚያንሱ አመልክቷል። ማላላት ሕመምን ሊቀንስ እንደሚችል የሚያሳየው ማስረጃ ግን ከዚህ ደከም ያለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ሁለቱንም ደግፏል።

5ኛ/ የማይታለፈው ወሰን

በእኛ አገር «ቻይው» የሚባል ምክር አለ፤ ድምፅዋን ሳታሰማ የወለደች ሴትም ትመሰገናለች። ይህን ትምህርት በ«ቻይው» ላይ የጨመርነው እንደ ሆነ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ማላላት ጡንቻን ያሳርፋል እንጂ አጥንትን አያሰፋም። ሕፃኑ በዳሌዋ ማለፍ ካልቻለ፣ የረጋችውም የፈራችውም እኩል አደጋ ላይ ናቸው። የቆየ ምጥ ይገድላል፤ የተረፈችውንም ሽንቷን መቆጣጠር በማትችልበት በፊስቱላ ይጥላታል። በ1959 አዋላጆችን ሊያሠለጥኑ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1974 በአዲስ አበባ ሆስፒታል ያቋቋሙት ስለ እነዚህ ሴቶች ነው፤ በ2005ም በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ተከፍቷል።

በአገራችን በጤና ድርጅት የሚወልዱት በ2005 ከመቶ 5 ገደማ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደርሰዋል። ታላቅ እርምጃ ነው፤ የቀሩት ግን ብዙ ናቸው። ጎንቻ ሲሶ እነሴ እስከ ዓባይ ሸለቆ የምትዘልቅ ወረዳ ናት፤ ከቆላው ቀበሌ ጉንደ ወይን ለመድረስ የሚፈጀው ሰዓት ከምጡ ሰዓት ጋር ይሽቀዳደማል። ስለዚህ ማን እንደሚሸኛት፣ በምን እንደምትጓዝ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚገኝ ከምጡ በፊት መቈረጥ አለበት። ደም ከፈሰሳት፣ ካንቀጠቀጣት፣ ዓይኗ ብዥ ካለ፣ የሕፃኑ እጅ ወይም እትብት ከቀደመ፣ ምጡም ከ12 ሰዓት ካለፈ ያለ ክርክር ወደ ሐኪም ትሂድ።

እንግዲህ ወደ አገራችን ስንመለስ የምንናገረው ሁለት ነገር ነው። ለነፍሰ ጡሯ፣ ሰውነቷን ማሳረፍ እንደምትችል፤ ለባሏና ለዘመዶቿ ደግሞ፣ የእርሷ መረጋጋት ለእነርሱ መዘግየት ምክንያት እንዳይሆን። ሁለተኛውን ትተን የመጀመሪያውን ብቻ ከተናገርን ግን፣ በእርግጥም ለእናታችን ምጥ ልናስተምር ተነሥተናል ማለት ነው።