ለእናቶቻችን የሚመጣው ደብዳቤ፦ በጡት ውስጥ ያለ ስብ በራጅ እንዴት ይለካል?



እዚህ ሚኒሶታ ከሆስፒታል የሚመጣውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ለእናቶቻችን የምናነበው ብዙውን ጊዜ እኛ ልጆቻቸው ነን። እናታችን ማሞግራም (የጡት ራጅ) ከተነሳች ደብዳቤው «ጡትዎ ጥቅጥቅ ያለ ነው» ሊል ይችላል። ትርጉሙን ካላወቅን ወይ በከንቱ እናስደነግጣታለን፣ ወይ ቸል እንድትል እናደርጋታለን።

ስብ እና ዕጢ

ጡት በዋናነት ከስብ፣ እንዲሁም ከወተት ዕጢዎችና ከደጋፊ ሥጋቸው የተሠራ ነው። ራጅ በስብ ውስጥ በቀላሉ ስለሚያልፍ ስብ በምስሉ ላይ ጠቆር ይላል። ዕጢ ግን ጨረሩን ይበልጥ ስለሚያስቀር ነጭ ሆኖ ይታያል። «ጥቅጥቅ» የተባለው ዕጢው የበዛ፣ ስቡ ያነሰ ጡት ነው። በእጅ ዳብሶ ማወቅ አይቻልም።

ሒሳቡ

20 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ራጅ በአንድ ሴንቲ ሜትር የሚዳከምበት ልክ በስብ 0.46፣ በዕጢ 0.80 ያህል ነው። በማሽኑ የተጫነው ጡት ውፍረቱ 5 ሴ.ሜ ነው እንበል። ሁሉም ስብ ቢሆን 5 × 0.46 = 2.30 ይሆን ነበር። የተለካው ግን 2.64 ቢሆን ትርፉ 0.34 ነው። አንድ ሴ.ሜ ስብ በዕጢ ሲተካ የሚጨምረውም 0.80 − 0.46 = 0.34 ነው። ስለዚህ በዚያ ነጥብ ላይ 1 ሴ.ሜ ዕጢና 4 ሴ.ሜ ስብ አለ፤ ስቡ 80 በመቶ ነው ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ይህንን በየነጥቡ አስልቶ ይደምረዋል።

ለምን ያሳስባል?

የካንሰር እብጠት ልኩ 0.84 ገደማ ነው፤ ከዕጢ ብዙም አይለይም። ዕጢ በበዛበት ጡት ውስጥ እብጠት መፈለግ በጃንዋሪ በረዶ ላይ ነጭ ነጠላ እንደ መፈለግ ነው። ከዚህም ሌላ ጥቅጥቅ ያለ ጡት በራሱ የካንሰርን ዕድል በመጠኑ ይጨምራል። ሚኒሶታ ጉዳዩ ለሴቶች እንዲነገር ከ2014 ጀምሮ በሕግ ደንግጋለች፤ ከሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ በመላ አሜሪካ ግዴታ ሆኗል።

ለእናታችን ምን እንበላት?

• «እማ፣ በሽታ ተገኘብሽ ማለት አይደለም።» ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ከሆነ ሴቶች ግማሽ ያህሉ እንዲህ ናቸው።
• አልትራሳውንድ ወይም ኤም አር አይ ያስፈልጋት እንደሆነ ሐኪሟን ትጠይቅ።
• ሴት ባለሙያ እንድታነሳት መጠየቅ ትችላለች።
• ኢንሹራንስ ከሌላት የሚኒሶታ ጤና መሥሪያ ቤት «ሴጅ» የተባለ ነጻ የምርመራ ፕሮግራም አለው፤ መስፈርቱን ታሟላ እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁላት።

አላህ እናቶቻችንን በጤና ያቆይልን።