እስኪሰክን ድረስ

አምስት ዓመት ያልሞላት አንዲት ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ስትሯሯጥ ቆይታ ጥማት ይዟት ወደ ቤት ገባች። ቦታው የፈረንሳይ ገጠር ነው። ቤት ውስጥ ልጅቷ «መነኩሴ አጎቴ» የምትላቸው አንድ ቬትናማዊ መነኩሴ አሉ። በእጃቸው የነበረውን የፖም ጭማቂ ለአራት ልጆች ቀዱላቸው። ለዚችኛዋ የደረሳት የጠርሙሱ መጨረሻ ሆነ፤ ዝቃጩ የበዛ፣ ድፍርስ ያለ። ከንፈሯን ጥላ ሳትጠጣው ወጣች።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ እንደገና ጠምቷት ተመለሰች። ብርጭቆው ከነበረበት አልተነሣም። ጭማቂው ግን ጥርት ብሏል፤ ዝቃጩ ወደ ታች ወርዶ ላዩ ወለላ መስሏል። ጠጣችው፤ ጣማት። ያው የቅድሙ መሆኑን ማመን አቃታት። ዝም ብሎ ስለተቀመጠ ነው የጠራው ሲሏት ትንሽ አሰበችና፣ እንደ እርስዎ ተመስጦ ላይ ነበር ማለት ነው ብላ ጠየቀች። መነኩሴው ሳቁ። እውነቱን ለመናገር ጭማቂውን የምመስለው እኔ ነኝ ሲሉ መለሱላት።

ታሪኩን መነኩሴው ቲክ ኛት ሃን ራሳቸው ጽፈውታል። እኔ ካነበብኩት ዓመታት አልፈዋል፤ ጀበና ከእሳት ሲወርድ ባየሁ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል። ቡና ፈልቶ እንደወረደ ወዲያው አይቀዳም። ጀበናው ዘንበል ተደርጎ ይቀመጥና «ይስከን» ይባላል። ስለ አንድ የተረጋጋ ሰው ስናወራም «ሰከን ያለ ነው» እንላለን። ቋንቋችን ቡናውንና ሰውን በአንድ ግሥ አስሯቸዋል። ዓለም ዛሬ ማይንድፉልነስ እያለ ሥልጠና የሚሰጥበትን ነገር እናቶቻችን ከጀበናው አጠገብ ስም አውጥተውለት ኖረዋል። ዛሬ ላጫውታችሁ የምፈልገው ልጆች የሚሰክኑበት መንደር ስለሠሩ ሰዎች ነው።

መንደሩ ፕለም ቪሌጅ ይባላል። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከቦርዶ ከተማ በስተምሥራቅ፣ የወይን እርሻ በሞላበት ገጠር ውስጥ ይገኛል። ቲክ ኛት ሃን እና የረጅም ጊዜ የሥራ አጋራቸው እኅት ቻን ኮንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 የመሠረቱት ነው። ሲጀመር አሮጌ የድንጋይ ጎተራና በረት ነበር። በተከታዩ ዓመት በሐምሌ ወር፣ በእነሱ በጋ በእኛ ክረምት መሆኑ ነው፣ በሩን ለቤተሰቦች ከፈተ። በመጀመሪያው ዓመት የመጡት መቶ ያህል ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በየክረምቱ ከብዙ አገር ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ድንኳን ይተክላሉ፣ አብረው ያበስላሉ፣ አብረው ሳህን ያጥባሉ።

እነዚህ ሰዎች መስከንን ያስተማሩት ሰላም ባለበት አገር ስላደጉ አይደለም። ይህን ደጋግሜ ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን «ኑሮ ሲረጋጋ እረጋጋለሁ» እያልን ዕድሜያችንን በቀጠሮ እንፈጃለን።

ቲክ ኛት ሃን በ1926 ተወለዱ፤ በ16 ዓመታቸው ሁዌ በምትባለው ከተማ ገዳም ገቡ። በ1960ዎቹ ቬትናም በጦርነት ስትነድ በገዳም ተዘግቶ መጸለይ ይሻላል ወይስ ወጥቶ የቆሰለውን ማንሣት የሚል ጥያቄ ገጠማቸው። ሁለቱንም መረጡ። ወጣቶችን አሰባስበው የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ቻን ኮንግ ያኔ የባዮሎጂ ትምህርት የሚከታተሉ፣ ከትምህርት ሲወጡ ሳይገን ከተማ የድሆች ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ የተራበ የሚያበሉ ወጣት ነበሩ። የትምህርት ቤቱ ወጣቶች ገጠር ወርደው ቤት ይሠራሉ፣ ሕፃናት ያስተምራሉ፣ ቁስለኛ ያክማሉ። ሰሜኑንና ደቡቡን ከሚለየው ቀጣና አቅራቢያ ትራ ሎክ የምትባል መንደር ነበረች። በቦንብ ፈረሰች፤ ሠሯት። እንደገና ፈረሰች፤ እንደገና ሠሯት። ሦስተኛም ፈረሰች። አሁንም ሠሯት። ሥራውን ቢያቆሙት ከጎጆው ይልቅ የሰዉ ተስፋ እንደሚፈርስ ስለገባቸው ነው።

በ1966 ቲክ ኛት ሃን ስለ ሰላም ሊናገሩ ወደ አሜሪካ ተጓዙ። ማርቲን ሉተር ኪንግ አገኛቸው፤ በተከታዩ ዓመት ለኖቤል የሰላም ሽልማት አጫቸው። አገራቸው ግን በሩን ዘጋችባቸው። ለተወሰኑ ወራት ብለው የወጡ ሰው የአገራቸውን አፈር እንደገና የረገጡት በ2005 ነው። 39 ዓመት!

በስደት ያላችሁ አንባቢዎቼ ይህችን ልብ በሉልኝ። መነኩሴው በመጀመሪያዎቹ የስደት ዓመታት አንድ ሕልም ይመላለስባቸው እንደነበር ተናግረዋል። ልጅ ሆነው ያደጉበትን ገዳም ሊደርሱ አረንጓዴ ጉብታ ይወጣሉ፤ እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ይባንናሉ። ያልተለያቸው ናፍቆት ነበር። መድኃኒት የሆናቸው ደግሞ ያሉበትን ቦታ ማየት መጀመራቸው ነው። የአውሮፓን ዛፎችና ወፎች በስማቸው ለዩዋቸው፤ ከየአገሩ ልጆች ጋር ቁጭ ብለው ተጫወቱ። ቀስ በቀስ ያ ሕልም መምጣቱን ተወ። ልጆቹን እሳቸው ከመርዳታቸው በፊት ልጆቹ ረድተዋቸዋል። ከቶሮንቶም ሆነ ከቤይሩት አገሩን እያለመ የሚባንን ሰው ካለ፣ ነገ ጠዋት በመስኮቱ የሚያየውን ዛፍ ስም ጠይቆ ይወቅ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ አይደለችም።

ወደ መንደሩ ልመልሳችሁ። ቲክ ኛት ሃን ትልልቆቹን ለማስተማር ሲቀመጡ ከፊት ለፊት የሚቀመጡት ልጆች ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ለእነሱ ብቻ ናቸው። ንግግሩ ስለ ባቄላ ዘር፣ ስለ ደመና፣ ስለ ብርቱካን አላላጥ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ደወል ይሰማል፤ ልጆቹ ተነሥተው ጎንበስ ብለው እጅ ይነሡና ለጨዋታ ይወጣሉ። ትልቁ ሰው ልጅ እስኪወጣ ጠብቆ ቁም ነገር የሚጀምርበት ቤት አልነበረም፤ ቁም ነገሩ የሚጀመረው በልጆቹ ነው።

የደወሉ ነገርማ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በዚያ መንደር ደወል «ይመታል» አይባልም፤ «ይጋበዛል» ነው የሚባለው። ሲጋበዝ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ሽንኩርት የሚከትፈው ቢላውን ያስቀምጣል፤ የሚያወራው ያቋርጣል፤ የሚሮጠው ልጅ ቀጥ ይላል። ሦስት ጊዜ ይተነፍሳሉ፤ ከዚያ ኑሮ ይቀጥላል። የግድግዳ ሰዓት ሲደውልም ያው ነው፤ ስልክ ሲጮህም። እኛን ሲያካልበን የሚውለውን ጩኸት እነሱ ማረፊያ አደረጉት።

ለልጆች ያዘጋጁት ደግሞ የጠጠር ልማድ አለ። እያንዳንዱ ልጅ አራት ጠጠር ይሰበስባል፤ በትንሽ ከረጢት ይይዛል። አንደኛውን መዳፉ ላይ አድርጎ አበባን ያስባል፤ እንደ አበባ ትኩስ ነኝ ይላል በልቡ። ሁለተኛው ተራራ ነው፤ ጽኑነት። ሦስተኛው የረጋ ውሃ ነው፤ ያየውን ሳያዛባ የሚያሳይ። አራተኛው ሰፊው ሰማይ ነው፤ ነጻነት። ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ትንፋሽ። በጠቅላላው 12 ትንፋሽ፤ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጆች እኛ ዘንድ ነበሩና ሞከርኩት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የዋለበት ቀን ነው፤ በሪሞት ሲጣሉ አርፍደዋል። ለቅልብልቦሽ የሰበሰቡትን ጠጠር አወጣንና ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ተራራው ላይ ስንደርስ ስልኬ ብልጭ አለ፤ ዓይኔ ወደዚያ ሄደ። ቀና ስል ትንሹ ጠጠሩን ወደ ሶፋው ሥር እያንከባለለ ነው። ልገሥጸው አፌን ከፈትኩና አፈርኩ። እኔ ሳልሰክን ነበር ስከኑ የምለው። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጬ ተመለስኩና ከአበባው እንደገና ጀመርን። ስንጨርስ ትልቋ ልጅ መዳፏን አየች። ለቅልብልቦሽ ጠጠሩ አምስት ነው፤ እኛ የተጠቀምነው አራቱን ነው። «ይቺስ?» አለች አምስተኛዋን ይዛ። መልስ አልነበረኝም። «እንግዲያው ያንተ ትሁን» ብላ እጄ ላይ አደረገችልኝ። ይኸው እስካሁን ከኮቴ ኪስ አልወጣችም።

ከፕለም ቪሌጅ ሰዎች አንድ ነገር ውሰድ ብትሉኝ ይህንኑ ነው የምወስደው። ልጅ በስብከት አይሰክንም፤ አጠገቡ የሰከነ ሰው ሲያገኝ ነው የሚሰክነው። ቲክ ኛት ሃን በጀልባ የተሰደዱ ወገኖቻቸውን ያነሡ ነበር። ጦርነቱ በ1975 ካበቃ በኋላ ብዙ ቬትናማውያን በትንንሽ ጀልባ ባሕር ገቡ። ማዕበል ሲመጣ፣ የባሕር ሽፍታ ሲታይ፣ ሁሉም ተደናግጦ ወደ አንድ ወገን ቢሮጥ ጀልባዋ ትገለበጣለች። ከመካከላቸው አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ፊቱ ሳይለወጥ ቁጭ ብሎ በረጋ ድምፅ ቢናገር ግን ሌላው እሱን አይቶ ይረጋል። እንዲህ የተረፈ ብዙ ነበር ይሉ ነበር። መነኩሴው ይህን ይሉ የነበረው ከሩቅ ሰምተው አይደለም፤ እሳቸውና ቻን ኮንግ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከሲንጋፖር ተነሥተው በባሕር ላይ ያሉትን ስደተኞች ለማዳን መርከብ አሰማርተው ነበር።

ቤታችሁም ጀልባ ነው። የቤት ኪራይ ጨምሮ፣ መብራት ጠፍቶ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶ ሁሉም ወደ አንድ ወገን የሚሮጥበት ምሽት አለ። በዚያ ምሽት አንዳችሁ ቁጭ በሉ። ባል ይሁን፣ ሚስት ትሁን፣ አያት ይሁኑ፣ ግድ የለም። ትችላላችሁ፤ ቦንብ ሲወርድ የቻሉ አሉና።

ይህን ስጽፍ «የቡድሃ መነኩሴ ነገር ለእኛ ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ቲክ ኛት ሃን ወደ እሳቸው የሚመጡትን ክርስቲያኖችና አይሁዶች ሥራችሁን ነቅላችሁ ኑ አይሉም ነበር፤ ወደ ገዛ ሃይማኖታችሁ ተመለሱ፣ እዚያ ያለውን ዕንቁ ቆፍራችሁ አውጡ እያሉ ይመክሩ ነበር። የእኛም ገዳማት አርምሞን ያውቁታል፤ ሶላት የቆመም ሰው ልብን መሰብሰብ ምን እንደሆነ ያውቃል። ጎረቤት ለልጁ ያደረገውን በጎ ነገር አይቶ የራስን ጓዳ መፈተሽ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

መንደሩ ውስጥ ሰዎቹ ለቤተሰብ ያስተማሩት አንድ ዘዴ ደግሞ አለ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው። እናትና አባት ድምፃቸው ከፍ እያለ ሲመጣ ልጁ «ማቀዝቀዣ ውስጥ ኬክ አለ» ይላል። ኬክ ኖረም አልኖረም ምሥጢሩን ሁሉም ያውቀዋል። እናት «እውነትም» ብላ ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ትሄዳለች፤ አባትም ሻይ ለመጣድ ይከተላል። ትንፋሽ ይገኛል። ሽማግሌ ሳይጠራ፣ ማንም ሳይሸነፍ፣ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ቤቱን ያስታርቃል። ለልጅ እንዲህ ያለ ሥልጣን መስጠት ትልቅ እምነት ነው። ታናናሾቻችን እንዲፈሩን ብቻ ሳይሆን እንዲያድኑንም መፍቀድ አለብን።

ኬክ በየቤታችን ላይኖር ይችላል። እኛ የእኅቴን ልጆች ምክር ሰምተን ቃላችንን «ቡና ይፈላ» አደረግነው። መጀመሪያ የሠራው ከወንድሜ ጋር ስለ አንድ የድሮ የገንዘብ ጉዳይ በተነጋገርንበት እሑድ ነው። ድምፃችን ሳሎኑን ሞልቶታል። የእኅቴ ልጅ ከበሩ ሥር ቆማ አየችን፤ ወደ እኔ፣ ወደ እሱ። «ቡና ይፈላ» አለች፤ ቀስ ብላ ግን ጥርት አድርጋ። ወንድሜ ምሥጢሩን አያውቅምና ግራ ገብቶት አየኝ። እኔ ተነሣሁ። ረከቦቱን አወጣን፤ ከሰሉ ተያያዘ፤ ቡናው ተቆላ፤ ጭሱን በእጃችን ወደ ራሳችን እየሳብን አሸተትነው። ጀበናው ፈላና ወረደ። ወንድሜ ነገሩን ቶሎ ሊጨርሰው ፈልጎ ነው መሰለኝ ሊቀዳ እጁን ዘረጋ።

ልጅቷ እጁን ያዘችው። «ጋሼ፣ ገና አልሰከነም» አለችው።