በጨዋታ ፍቅር ቤቱን ያጣ ባል እንዴት ይመለሳል?

ሰው ሥጋ ለባሽ እንደ መሆኑ መጠን ከድካሙ በኋላ ጥቂት የሚያርፍበትና ልቡን የሚያስደስትበት ነገር ያስፈልገዋል። ስለዚህ አንዱ በአደን፥ አንዱ በሰንጠረዥ፥ አንዱም ኳስ በማየት ቢደሰት ለዚህ ብቻ ነቀፌታ አይገባውም። ዳሩ ግን ለዕረፍት የተሰጠው ነገር ጌታ ሆኖ በሰው ላይ የሠለጠነ እንደ ሆነ ባልን ከሚስቱ፥ አባትንም ከልጆቹ ይለያል። ጥፋቱም እንደ ስካርና እንደ ዝሙት ፈጥኖ የሚገለጥ ሳይሆን በቀስታ የሚገባ ስለ ሆነ፥ ብዙዎች ጉዳቱን የሚያውቁት ሚስት ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ ቤት ከሄደች በኋላ ነው።

ይህ ደዌ አዲስ አይደለም። በ399 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር) የቍስጥንጥንያ ሰዎች በዓርብ ቀን ወደ ፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ስለ ወረዱ፥ ሊቀ ጳጳሳቱ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በብርቱ ኀዘን ገሥጿቸዋል። ይኸው አባት የኤፌሶንን መልእክት በተረጐመበት በ20ኛው ድርሳኑ፥ ባል ከአደባባይ ይልቅ ስለ ሚስቱ ሲል በቤቱ መዋልን እንደሚመርጥ ሊያሳያት፥ ከወዳጆቹም ሁሉ አብልጦ ሊያከብራት እንደሚገባው ያስተምራል። እንግዲህ በልብ መውደድ ብቻ አይበቃም፤ ፍቅሩ ሊታይ ይገባል ማለት ነው። ሚስትም የባልዋን ፍቅር የምታየው ሰዓቱን በሚያውልበት ስፍራ ነው።

በቅርብ ዘመንም የሆነ ምሳሌ አለ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማርሴል ዱሻም ሰንጠረዥን እጅግ ያፈቅር ነበር። በዚያው በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1927 ዓ.ም. በጁን ወር ሚስት አገባ፤ ነገር ግን ከሙሽራይቱ ጋር ሳይሆን ከሰንጠረዡ ጋር ያመሽ ጀመር። ባልንጀራው ማን ሬይ እንደ ጻፈው፥ ሙሽራይቱ ከመማረርዋ የተነሣ አንድ ሌሊት እርሱ ተኝቶ ሳለ ጠጠሮቹን ሁሉ በገበታው ላይ በሙጫ አጣበቀቻቸው። በ1928 ዓ.ም. በጃንዋሪ ተፋቱ። ከዚህም የምንማረው ጠጠርን ማጣበቅ ልብን እንደማይመልስ ነው። መመለስ የሚገባው ባል ራሱ ነውና።

በአገራችን ዛሬ ይህ ፈተና ይልቁንም በኳስ በኩል ይታያል። በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ 20 ቡድኖች በየዓመቱ 380 ጨዋታ ይጫወታሉ፤ በየከተማችንም ኳስ የሚያሳዩ ቤቶች ቅዳሜና እሑድ በወንዶች ይሞላሉ። አንድ ሰው በሳምንት አራት ጨዋታ ብቻ ቢያይ፥ እያንዳንዱ ከዕረፍቱ ጋር 2 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፥ በሳምንት 8 ሰዓት፥ በ38 ሳምንትም 304 ሰዓት ይሆናል። ይህም ከ12 ቀንና ሌሊት ይበልጣል፤ መንገዱና ከጨዋታው በኋላ የሚደረገው ክርክር ገና አልተቈጠረም። ሰዓቱም የተወሰደው ከሥራ ቀን አይደለም፤ ልጆች አባታቸውን ሊያገኙ ከሚችሉባቸው ከሁለቱ ቀኖች ነው።

እንግዲህ ቤቱ ባዶ ሲሆን የሚነቃ ባል ብዙ ጊዜ በሦስት ነገር ይሳሳታል።

1ኛ፥ ስጦታ ይዞ ይመጣል። ለሚስቱ ልብስ፥ ለልጆቹ መጫወቻ ይገዛል። ነገር ግን በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 19 የተነገረለት ዘኬዎስ የወሰደው ገንዘብ ስለ ነበረ አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ የፈቀደው ገንዘብን ነው። ይህ ባል የወሰደው ግን ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የሚመልሰውም ጊዜ ሊሆን ይገባል።

2ኛ፥ በእንባ ቀን ይምላል። ቴሌቪዥኑን ይሸጣል፥ ዳግመኛም ኳስ አላይም ይላል። አዲሱ የጨዋታ ወራት ሲጀመር መሐላው ይፈርሳል፤ ያን ጊዜ ሚስት በቀድሞው ቍስል ላይ ሌላ ቍስል ትጨምራለች።

3ኛ፥ ዕርቁን ራሱን እንደ ጨዋታ ይይዘዋል። ሽማግሌ በሽማግሌ ላይ እየላከ፥ በስንት ቀን እንደምትመለስ እየቈጠረ ድልን ይሻል። ሚስት ግን ዋንጫ አይደለችም። ትናንት ለጨዋታው የነበረውን ያንኑ ጥድፊያ ዛሬ ወደ እርስዋ ቢያዞረው ልቡ ገና አልተለወጠም።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። በመጀመሪያ ጥፋቱን በስሙ ይጥራ። «በድዬሽ እንደ ሆነ ይቅር በይኝ» ማለት ጥፋቱን በጥርጣሬ መሸፈን ነው፤ ሕፃኑ በታመመ ሌሊት፥ በአባትዋ ተዝካር ቀን፥ በልጃቸውም ክርስትና ማግሥት የት እንደ ነበረ ይናገር።

ቀጥሎም ትንሽ ነገር ግን የማይናወጥ ሰዓት ይወስን። ሚስቱ በወላጆቿ ቤት ሳለች እንኳ በፈቀደችለት ቀንና ሰዓት ይገኝ፤ ልጆቹን ያስጠና፥ በሰንበትም ወደ ቤተ ክርስቲያን ያድርሳቸው። ፈተናው የሚታወቀው ጨዋታ በሌለበት ቀን አይደለም፤ ታላቁ ጨዋታና የልጁ ሰዓት በአንድነት በመጡበት ቀን ነው።

ጨዋታውንም ከሚስቱ ጋር ተመካክሮ በልክ ያድርገው። ጾም ለመብል ልክ የሚያበጀው መብል ርኩስ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሰው የሆዱ ባሪያ እንዳይሆን ነው። ለጨዋታም እንዲሁ ነው። ከኳሱ ጋር የገንዘብ ውርርድ የተያያዘ እንደ ሆነ ግን ይህ ቍማር ነውና ልክ አይበጅለትም፤ ፈጽሞ ይቈረጥ።

ከዚህም ሁሉ ጋር ይታገሥ። በዓመታት የፈረሰ እምነት በሳምንታት አይሠራም። ልጆቹ ዝም ቢሉት እንደ ንቀት አይቍጠረው፤ ዝም ማለትን ያስተማራቸው የእርሱ መቅረት ነው። ሚስቱም ለመመለስ ብትዘገይ ወይም ባትመለስ እንኳ ለልጆቹ ያለበት የአባትነት ዕዳ አይሰረዝም።

ለንስሐ አባቶችም አንድ ቃል እንናገራለን። ባል እያለቀሰ በመጣ ጊዜ ሚስትን ወዲያው ተመለሺ ብሎ ማስጨነቅ አይገባም። እርስዋን ለብቻዋ መስማት ያስፈልጋል፤ ከጨዋታው በስተኋላ ድብደባ ወይም ሌላ የተሰወረ በደል ያለ እንደ ሆነ ነገሩ ሌላ ፍርድ ይሻልና። ጨዋታው ብቻ ከሆነ ግን አባት ከልጁ እንባን ሳይሆን ሰዓትን ይጠይቅ፤ በየሳምንቱም የገባውን ቃል እንደ ፈጸመ ይመርምር። ሦስት ወር የተጠበቀ አንድ ሰዓት ከብዙ መሐላ ይልቅ ለሚስት ይመሰክርላታል።

በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 15 በተነገረው ምሳሌ የጠፋው ልጅ ነበረ፥ የጠበቀውም አባት ነው። በዚህ ግን የጠፋው አባት ነው፥ ደጅ ደጁን የሚያዩትም ልጆች ናቸው። ያ ልጅ ሲመለስ እንደ ሞያተኛ ሊቈጠር እንጂ የቀድሞ ክብሩን ሊጠይቅ አላሰበም። እንዲሁም የሚመለስ ባል በጌትነት ወንበር ሊቀመጥ አይቸኵል፤ በአገልግሎት ይጀምር። ውኃ ይቅዳ፥ ልጁን ያስተኛ፥ የሚስቱን ንግግር እስከ ፍጻሜው ይስማ። ክብሩ የሚመለስለት በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ ቤቱ ገና ያልተበተነበት አንባቢ ሆይ፥ የጠፋውን ከመፈለግ ያለውን መጠበቅ ይቀላልና፥ የፊታችንን ቅዳሜና እሑድ ለማን እንደምትሰጣቸው ዛሬውኑ አስብ። እግዚአብሔር ቤታችንን ይጠብቅልን፤ አሜን።