ውሻውን የሚያሳክከው ምግቡ ይሆን?

በእኛ በጎፋ የግቢ ውሻ የሚያድገው በገበታ ትርፍራፊና ከሥጋ ቤት በሚመጣ አጥንት ነው። ጆሮውንና መዳፉን ሲያክ ሲልስ ከከረመ «እከክ ይዞታል፣ ይባረር!» ይባላል። ፍርዱ ግን ይቆየን።

በመጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ቁንጫና እከክ መኖሩን ይመርምር፤ አንዳንዱ እከክ ወደ ሰውም ይተላለፋልና። እነዚህ ከሌሉ ምግቡን እንጠርጥር። ብዙውን ጊዜ ውሻን የማይስማሙት የበሬ ሥጋ፣ ወተት፣ ዶሮና ስንዴ ናቸው። የደም ምርመራ እዚህ ላይ አያስተማምንም፤ ማስረጃው ሙከራ ነው።

ለ8 ሳምንት ቀምሶት የማያውቀውን ምግብ ብቻ እንስጠው፤ ለምሳሌ እሾሁ የወጣ ቅቅል ዓሣና ድንች፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ ቅመም። ልጆች ተደብቀው አንዲት ጉርሻ ከጣሉለት ሙከራው ፈረሰ!

ማሳከኩ ቢተወውም ገና አልጨረስንም። የድሮ ምግቡን እንመልስለት። በ2 ሳምንት ውስጥ እንደገና ማከክ ከጀመረ ጥፋቱ የምግቡ ነው፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየሰጡ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው። ካልጀመረ ምክንያቱን ሌላ ቦታ እንፈልግ።

እንግዲህ መምህራን የምንሆን ሁሉ ልብ እንበል፦ አንዱን ነገር ማንሳት፣ መታገሥ፣ መልሶ መፈተን። ውሻም ሆነ ተማሪ ሳይመረመር አይፈረድበትም።