መዝሙርን በቤት ስለ መቅዳት



ዛሬ መዝሙር ለመቅዳት ስቱዲዮ መከራየት ግድ አይደለም፤ አንድ ስልክ ወይም አንድ ኮምፒዩተር ይበቃል። ሆኖም በየቤቱ ተቀድቶ የሚመጣልንን ስናዳምጥ ከበሮው ይሰማል፣ ጭብጨባው ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይሰማም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ በ14ኛው ምዕራፍ፣ ሰሚው ያልተረዳው ነገር እንደማያንጸው ያስተምራል። መዝሙር ትምህርት ነውና ቃሉ ከጠፋ ምኑን ቀዳነው?

«መሣሪያችን ደካማ ስለሆነ ነው» የሚለው ምክንያት አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት በአዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየመቱ ሲያዜሙ በተራ የካሴት ቴፕ ቀድተው ነበር። ያ ቅጂ በ2024 «ሱቨኒርስ» ተብሎ ለሕዝብ ወጣ። ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ሲንጫጩ ይሰማል፤ ማንንም አያውክም። አንድ ድምፅ፣ አንድ ፒያኖ፣ አንድ ቴፕ ብቻ ነውና ቃሉን የሚሸፍነው ነገር የለም። (ዜማዎቹ የማኅሌት ዜማዎች አይደሉም፤ ያነሣናቸው ስለ አቀዳዳቸው ነው።)

እንግዲህ ሥራው ከመሣሪያው ይልቅ በክፍሉና በአቋቋማችን ላይ ነው። ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ድምፅን መልሶ ስለሚወረውር ቃላት ይደራረባሉ። ብርድ ልብስ፣ ጋቢ ወይም ፍራሽ ከዘማሪው ጀርባና ጎን ቢሰቀል ብዙውን ይውጠዋል። ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያ በሚመታበት ሰዓት ግን መድከም ከንቱ ነው።

ርቀትን በተመለከተ፣ ድምፅ በሚወጣበት ቦታና በማይክሮፎኑ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ፣ በቀጥታ የሚደርሰው የድምፅ ኃይል ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለሆነም ድምፀ ጎልማሳው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ድምፀ ቀጭኗ እኅት ደግሞ ወደ ፊት ይቁሙ። ከበሮው ከሁሉም ኋላ፣ ቢቻል በሩ አጠገብ ይሁን። ከበሮ መቺዎቻችን በዚህ ቅር እንደሚሰኙ እናውቃለን፤ ይታገሡን! «ጴጥሮስ»፣ «ጳውሎስ» ሲባል ከአፍ የሚፈነዳው ትንፋሽ ማይክሮፎኑን ስለሚመታ፣ ማይክሮፎኑ ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ጥቂት ወደ ጎን ይቀመጥ። የድምፁ መጠን ልክ አልፎ ከተሰነጠቀ በኋላ ደኅና አድርጎ የሚጠግነው የለምና፣ ሙከራው ከፍ ባለው አዝማች ላይ ይደረግ።

አንድ ነገር በብርቱ እንቃወማለን፤ ይኸውም ድምፅን በማሽን «ማስተካከል» ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አውቶ ቲዩንና መሰሎቹ በተለመደው አሠራራቸው ድምፅን የሚስቡት ፒያኖ ወደ ተቃኘባቸው 12 እኩል እርከኖች ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግን በእነዚያ እርከኖች የተሰፈረ አይደለም። ርክርኩን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ሊያቃናው ይችላል። ዜማውን ከመሪጌታ ያልተማረ ልጅም ያንን ሰምቶ ትክክል ይመስለዋል፤ እንዲያውም ያንኑ ለታናናሾቹ ያስተምራል። የሳተውን ደግሞ መዘመር ይሻላል፤ ሦስቴም አሥሬም ቢሆን።

ከራሳችን መዝሙር በፊት ግን መቀዳት ያለበት ሌላ አለ። በጽዋ ማኅበር የሚዘመሩ፣ በወረቀት ያልሰፈሩ መዝሙሮችን በቃላቸው የያዙ እናቶች በየአጥቢያው አሉ፤ በየዓመቱም ቁጥራቸው ይቀንሳል። ወደ ቤታቸው ሄደን፣ አስፈቅደን፣ ስልኩን ከፊታቸው ትራስ ላይ አኑረን፣ አጨብጭበን ሳናጅብ እንስማቸው። በቅጂው መጀመሪያ ቀኑ፣ የዘማሪዋ ስም፣ መዝሙሩን ከማን እንደተማሩት በድምፅ ይነገር። ቅጂው በሁለት ሌሎች ቦታዎች ይገልበጥ። ሰዓቱም ቡና ከመወቀጡ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ሙቀጫው ከከበሮ አይተናነስምና።