የድረ ገጽ ሰርቨር ቅንብር፦ ከመረከብ በፊት የሚታዩ አምስት ነገሮች

በሬ የሚገዛ ነጋዴ ጥርሱን ሳያይ ገንዘብ አይቆጥርም። የእንስሳት ፎቶና ዋጋ የሚለጥፍበት ድረ ገጽ ሲያሠራ ግን “ተጭኗል፣ ይሠራል” የሚለውን የባለሙያ ቃል ብቻ ሰምቶ ሊረከብ ይችላል። ድረ ገጹን ለገዢ የሚያደርሰው ሰርቨር ሲጫን የራሱን ቅንብር ይዞ ይመጣል። ይህ ቅንብር ሥራ ቶሎ ለማስጀመር ይበጃል፤ የነጋዴውን ሰነድና የገዢውን ደካማ ኔትወርክ ግን አያውቅም። የሚከተሉት ነጥቦች በስፋት በሚታወቁት ሁለት የሰርቨር ሶፍትዌሮች፣ በኢንጂንኤክስና በአፓቼ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

1. የሰነድ ፎልደር፦ እንበል፣ በሞያሌ ያለ ነጋዴ የንግድ ፈቃዱን፣ የፓስፖርቱን ቅጂና የእንስሳቱን የጤና ምስክር ወረቀት በድረ ገጹ ፎልደር ውስጥ አስቀመጠ። ኢንጂንኤክስ የፎልደሩን ዝርዝር ካልታዘዘ በቀር አያሳይም። በኡቡንቱ ላይ የሚጫነው አፓቼ ግን መነሻ ገጽ በሌለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ፋይል ሁሉ ለመጣው ሰው ሊዘረዝር ይችላል። ዝርዝሩን ማጥፋት የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የፋይሉን አድራሻ ያወቀ ሰው አሁንም ይከፍተዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰነድ ከነጭራሹ ለሕዝብ ክፍት ከሆነው ፎልደር ውጭ መቀመጥ አለበት።

2. የፎቶ መጠን፦ ኢንጂንኤክስ ሲጫን ከ1 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። የዛሬ ስልክ የሚያነሳው የግመል ፎቶ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ፎቶ ሲላክ 413 የሚል የስህተት ቁጥር ከመጣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ገደቡን ወደ 10 ሜጋባይት ማሳደግ ለአብዛኛው ፎቶ ይበቃል። ገደቡን ፈጽሞ ማንሳት ግን ማንም ሰው በግዙፍ ፋይል ሰርቨሩን እንዲሞላው በር መክፈት ነው።

3. ጽሑፍን ማመቅ፦ ጂዚፕ የሚባለው አሠራር የገጹን ጽሑፍ አሳንሶ ይልካል። በኢንጂንኤክስ ላይ ሲጫን ጠፍቶ ሊመጣ ይችላል። ከዋጋ ዝርዝሩ ጋር የሚላኩት ሌሎች የጽሑፍ ፋይሎችም እንዲታመቁ ዓይነታቸው በቅንብሩ ላይ መጻፍ አለበት። ለፎቶ ግን ጂዚፕ አይረዳም፤ ፎቶው ቀድሞውኑ የታመቀ ስለሆነ ከመለጠፉ በፊት መጠኑ መቀነስ አለበት።

4. የሥሪት ቁጥር፦ ሁለቱም ሶፍትዌሮች ሲጫኑ ስማቸውንና የሥሪት ቁጥራቸውን ለጠየቀ ሁሉ ይናገራሉ። ይህም የቆየ ሥሪት የሚፈልግ ሰርጎ ገብን ድካም ያቀልለታል። ቁጥሩን መደበቅ ጥሩ ነው፤ ዋናው መፍትሔ ግን ሶፍትዌሩን በየጊዜው ማደስ ነው።

5. የደኅንነት ምስክር ወረቀት፦ የይለፍ ቃል የሚገባበት ድረ ገጽ አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ መጀመር አለበት። ሌትስ ኢንክሪፕት ምስክር ወረቀቱን በነጻ ይሰጣል፤ ሲሰጥ የቆየው ግን ለ90 ቀን ነው። ጊዜው ያለፈበት የጤና ምስክር ወረቀት ኬላ ላይ መንጋ እንደሚያስቆም ሁሉ፣ ይህም ሲያልፍበት የገዢው ስልክ “ይህ ገጽ አያስተማምንም” የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። እድሳቱ በራሱ እንዲካሄድ መደረግ አለበት።

ከነጋዴው የሚጠበቀው ቅንብሩን በእጁ መጻፍ አይደለም፤ ፈትሾ መረከብ ነው። ቀሪ ክፍያ ከመክፈሉ በፊት ባለሙያው ባለበት፣ ከዋይፋይ ወጥቶ በስልኩ ዳታ ሦስት ነገር ይሞክር። አንደኛ፣ በስልኩ ያነሳውን ትልቅ ፎቶ ይላክ። ሁለተኛ፣ የፎልደሩን አድራሻ ብቻ ጽፎ ዝርዝር ይወጣ እንደሆነ ይመልከት። ሦስተኛ፣ አድራሻውን በኤችቲቲፒ ጀምሮ ሲጽፍ ገጹ በራሱ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ይዞር እንደሆነ ይይ። የተቀየረውን ቅንብር ቅጂም ይረከብ፤ ነገ ባለሙያው ቢቀየር ሥራው ከዜሮ አይጀምርም።