በልጅነት የወደድነውን መጽሐፍ ለልጆቻችን ማውረስ



ፊደል ከቆጠርንበት ዘመን ጀምሮ በልባችን የቀረ አንድ መጽሐፍ የሌለን ጥቂቶች ነን። ለአንዳንዶቻችን የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ነው፤ ለሌሎቻችን ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ከማሳተማቸው አስቀድመው ያዘጋጁት «ተረት ተረት የመሠረት» ነው፤ ለሌሎችም መዝሙረ ዳዊት፣ ወይም በጥያቄና መልስ የተማርንበት ትንሹ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ነው። እነዚህን ለልጆቻችን እንዴት እናውርስ?

1. አደራው

በኦሪት ዘዳግም (6፥7) እግዚአብሔር ሕዝቡን ቃሉን በቤትም በመንገድም ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩ ያዛል። ቅዱስ ጳውሎስም የጢሞቴዎስን እምነት ሲያወሳ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ያነሣል (2ጢሞ. 1፥5)። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ የልጆች የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች ወላጆች መሆናቸውን አስተምሯል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ይህን ኃላፊነት ሌላ ሰው ሊተካው እንደማይችል አስረድተዋል።

2. የቅድስት ተሬዛ ምስክርነት

እ.ኤ.አ. በ1515 በስፔን አገር በአቪላ የተወለደችው ቅድስት ተሬዛ ስለ ሕይወቷ በጻፈችው መጽሐፍ፣ አባቷ መልካም መጻሕፍትን ይወድ እንደ ነበር፣ ልጆቹም እንዲያነቡ በአገሩ ቋንቋ የተጻፉትን በቤቱ ያኖር እንደ ነበር ትመሰክራለች። እርሷና ወንድሟ የቅዱሳንን ገድል አብረው እያነበቡ ሰማዕትነትን ተመኙ። እናቷ ደግሞ የፈረሰኞችን የጀግንነት ልብ ወለድ ትወድ ነበር፤ ተሬዛም ይህን ልማድ ከእናቷ ወርሳ፣ ከአባቷ ተሸሽጋ ታነብ ነበር፤ ኋላም እንደ ጎዳት ጽፋለች። ከዚህ የምንማረው ልጅ የሚወርሰው ወላጁ ያዘዘውን ሳይሆን ሲወድ ያየውን መሆኑን ነው።

3. የእኛ ስሕተት

በከተማ ብዙ ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ስለሚማሩ አማርኛን በዝግታ ያነባሉ። የምንወደውን መጽሐፍ ስንሰጣቸው ሁለት ገጽ ሳይጨርሱ ይመልሱልናል። እኛም ተቆጥተን «በእናንተ ዕድሜ እኛ በቃላችን እንወጣው ነበር» እንላለን። በዚህ ጊዜ መጽሐፉ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ቅጣት ይሆናል።

እውነቱን እንናገር። ያን ጊዜ የወደድነው ወረቀቱን ብቻ አልነበረም፤ በኩራዝ ብርሃን ያነበበልንን ሰው ድምፅ ጭምር ነበር። መጽሐፉን ሰጥተን ድምፃችንን ከነፈግናቸው፣ ያወረስናቸው ግማሹን ብቻ ነው።

4. ምን እናድርግ?

ሀ) አንድ መጽሐፍ መርጠን አስቀድመን ለራሳችን እንደገና እናንብበው። ሴትን ወይም የእጅ ባለሙያን የሚያቃልል ተረት ብናገኝ፣ ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አርአያ መፈጠሩን በማስታወስ ከልጆቻችን ጋር እንነጋገርበት።

ለ) ከእራት በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብብ፤ የከበደውን ቃል እንፍታ፤ ልጁ ገና ሳይሰለች እናቁም።

ሐ) ታሪኩ እንዳለቀ ወደ ተግሣጽ አንሩጥ። «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብለን ጠይቀን መልሱን እንስማ።

መ) ልጁ መጽሐፉን ባይወደው እኛን እንደ ናቀ አንቁጠረው። እርሱ የሚወደውን ያምጣና አብረን እናንብብ።

ሠ) ማንበብ ያልተማርን ወላጆችም ከዚህ አደራ ውጭ አይደለንም። ተረቱን በቃል እንንገር፤ ልጃችንም ወንጌልን ያንብብልን።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ወላጆች የልጅነት መጽሐፋቸውን ይዘው መጥተው ለሕፃናቱ አንድ ገጽ የሚያነቡበትን ቀን በቁምስናቸው ቢያዘጋጁ ብዙ ፍሬ ያገኛሉ።

ለውይይት፦
— በልጅነታችን ማን አነበበልን? ምን ትቶልን አለፈ?
— ልጆቻችን እኛን የሚያዩን ምን ስናነብ ነው?

የናዝሬት ቅድስት ቤተሰብ በየቤታችን የሚነበበውን ቃል ሁሉ ትባርክልን። አሜን።